ጠዋት ጠዋት አንድ ካርድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው የዛሬ አራት ዓመት እኔ ራሴ የጻፍኩት ነው የመሰለኝ። በየጠዋቱ አንድ የታሮት ካርድ፣ ያንን ብዙ ሰው ዕጣ ፈንታ የሚያነብበትን ባለ ሥዕል ካርታ፣ እያወጣሽ ስለ ራስሽ ማሰብ ፈልገሻል። ግን ጥንቆላ እንዳይሆንብሽ ፈርተሻል። ታሮት ይሻል ወይስ ኦራክል የሚባለው ሌላው ባለ ሥዕል ካርድ፣ እሱም አልለየልሽም። በዚያ ላይ እንደ ጂሙ ሁለት ሳምንት ሞክረሽ እንዳትተዪው ሰግተሻል። ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልሽ፤ ቡናሽን ያዢና አንብቢ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ የማታ ፈረቃ ነው። ለእኔ «ጠዋት» ማለት ከሥራ ገብቼ ከመተኛቴ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። ካርዱን የጀመርኩት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ስትቀይር «ትወስጂዋለሽ ወይስ ልጣለው?» ብላ ከሰጠችኝ አሮጌ እሽግ ነው። በነጻ የተገኘ ነገር ሲጣል ማየት አልችልም፣ ወሰድኩት። እስካሁንም የምጠቀመው እሱን ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ አንዷ ካርድ ላይ የሻይ ብርጭቆ ያተመው ክብ አለ።

መጀመሪያ ፍርሃትሽን እናንሳ። «ታሮት ከጥንት ግብፅ የመጣ ምስጢር ነው» ሲሉ ሰምተሻል መሰለኝ። እርሺው። ታሮት የካርታ ጨዋታ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ፣ እነ ሚላን እነ ፌራራ ላይ፣ የመሳፍንት ቤተሰቦች እኛ ኮንከር እንደምንጫወተው ይጫወቱት ነበር። ፈረንሳዮች ዛሬም ይጫወቱታል። የግብፁን ወሬ ያመጣው ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1781። ያኔ የጥንት ግብፆችን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ገና አልተገኘም፤ ታዲያ ማን ይከራከረዋል? ካርዱ ለጥንቆላ በሰፊው መዋል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚያስቀኝ ነገር፣ ተራው መጫወቻ ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው እውነትም በግብፅ በኩል ነው፤ ማምሉኮች የሚባሉት ገዢዎች ግብፅን በያዙበት ዘመን። ዛሬ በታሮት «በትር» የምንለው የካርድ ምድብ ያኔ የፖሎ ዱላ ነበር። በፈረስ ላይ ሆነው የሚመቱበት የገና ዱላ በዪው።

ይህን ያነሳሁት ኃጢአት ነው ወይም አይደለም ብዬ ልፈርድልሽ አይደለም። ካርቶን ካርቶን ነው። ዋናው የምትጠይቂው ጥያቄ ነው። «ይደውልልኝ ይሆን?» ካልሽው ሲኒ ገልብጦ ከማስነበብ፣ ጠጠር ከማስጣል በምንም አይለይም። «ዛሬ ምን እየሸሸሁ ነው?» ካልሽ ግን መልሱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ።

ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። አልወደዱትም። «ልጄ፣ በዳዊት ለምን አታደርጊውም? የቀኑን ድርሻ አንብቢና አንዷን ቃል ይዘሽ ዋዪ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እሱም ይሠራል። ሁዳዴ ሲገባ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። አንቺም ሕሊናሽን ከቆረቆረሽ ይቅርብሽ። የድሮ የፎቶ አልበም ዝም ብለሽ ከፍተሽ፣ የወጣልሽን ፎቶ እያየሽ ይኸንኑ ማድረግ ትችያለሽ። እየቆረቆረሽ የምታደርጊው ነገር ለማሰብም አይመችም።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰፈራችን ሲኒ የሚያነቡ ሴትዮ ነበሩ። የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ዘንድ ቡና ሊጠጡ መጡ። ለሦስተኛው ሲደርስ ለእኔም ተቀዳልኝ። ሲኒዬን ገልብጠው አዩና «ልብሽ ከብዶታል፣ የቅርብሽ ሰው አስቀይሞሻል» አሉኝ። ክው አልኩ! ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቼ እያለቀስኩ ነበር የመጣሁት። ዓይኔ አብጦ እንደነበር ትዝ ያለኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ማንም ላይ የሚገጥም ቃል እንዴት እንደሚያሳምን ደግሞ ስሚ። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጣቸው። ከዚያ «ይኸው ውጤታችሁ» ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደለ። ብዙውን ዓረፍተ ነገር የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ምን ያህል እናንተን ይገልጻል ሲላቸው፣ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። የታሮት ካርድም እንደዚያው ነው፤ ማንም ላይ ይገጥማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ውሸት ነዋ» ብሎ ይተወዋል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ምስሉ ለሁሉም ስለሚገጥም፣ ባዶውን በምን እንደሞላሽው ስታዪ ያለሽበትን ታውቂያለሽ።

ታሮት ወይስ ኦራክል? ታሮት ሕግ አለው። 78 ካርድ ነው፤ 22ቱ ትልልቆቹ ናቸው፣ ሞኙ፣ ባሕታዊው፣ ግንቡ እያሉ የሚሄዱት። የቀሩት 56ቱ በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍና ሳንቲም ተብለው በአራት ይከፈላሉ፣ እያንዳንዱ 14 አለው። ኦራክል ሕግ የለውም። የሠራው ሰው እንደፈለገ 36 ያደርገዋል፣ 44 ያደርገዋል፣ የፈለገውን ይስልበታል፣ ብዙ ጊዜም ከታች አንድ ቃል ይጽፍበታል። ለጀማሪ ኦራክል ይቀላል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሁለት ዓይነት ገዝቼ ሁለቱም አሳዝነውኛል። የወጣው ሁሉ ያሞግስሻል፤ «ብርሃንሽን አምኚ»፣ «ይገባሻል»። ማር ብቻ እየላሱ ቁርስ አይሆንም። ታሮት ውስጥ ኮሶም አለ፣ የሚያሳስብሽም እሱ ነው። ቀኑ የጨለመበት፣ የወቀሳ አቅም የሌለው ሰው ግን በኦራክል ቢጀምር አልፈርድበትም።

ከታሮትም ራይደር-ዌይት የሚባለውን ፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ የታተመ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አብዛኞቹ እሽጎች ላይ የጽዋ አምስት ማለት አምስት ጽዋ ተስሎ ማለት ነው፣ በቃ። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ ግን 56ቱም ላይ ሰው፣ ቤት፣ በረዶ፣ ወንዝ አስገባች። ለዚህ ሁሉ ሥራ የተከፈላት ትንሽ ገንዘብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 እንግሊዝ ውስጥ በድህነት ሞተች። እሽጉ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጠራው በአሳታሚውና በአዘጋጁ ስም ነው፤ የእሷ ስም አልነበረበትም። ካርዱን በያዝኩ ቁጥር ይህ ያናድደኛል።

አሁን ወደ አሠራሩ። በውዢ፣ አንዷን ገልብጪ፣ አብሮ የሚመጣውን መጽሐፍ አትክፈቺ። መጽሐፉን ቀድመሽ ከከፈትሽ ማሰብ ትተሽ ፈተና ማረም ትጀምሪያለሽ። ሁለት ደቂቃ ዝም ብለሽ እዪው። ከዚያ ደብተርሽ ላይ ሦስት መስመር ጻፊ፦ ምን ይታየኛል፣ ዓይኔ መጀመሪያ የት አረፈ፣ ዛሬ ከእኔ ቀን ይህን የሚመስለው የቱ ነው። ትርጉሙን ከፈለግሽ ከዚህ በኋላ አንብቢ። እኔ አሁን አሁን አላነብም።

ምሳሌ ልስጥሽ። በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት የበትር አሥር ወጣልኝ። አንድ ሰው አሥር ረጃጅም በትሮች አቅፎ፣ ጎብጦ ይሄዳል። ፊቱ እንጨቱ ውስጥ ተቀብሯል። ወደፊት ከተማ አለ፣ እሱ ግን አያየውም። እኔ ያየሁት ሽሮ ሜዳን ነው። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች፣ ከርቀት የሚሄድ ቁጥቋጦ ነበር የሚመስሉት። እነሱን የሚያሸክማቸው ችግር ነው። እኔን ማን አሸከመኝ? ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሸክሜን መዘርዘር ጀመርኩ። የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ። ሁለት ዕቁብ። እምቢ ማለት ያቃተኝ ትርፍ ሰዓት። የአንድ ሰው ሠርግ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥነት። የአጎቴ ልጅ የቪዛ ፎርም። አሥር ቢሞላ ነው ብዬ ነበር፣ 13 ሆነ።

ሁለቱን ሰረዝኩ። ሁለተኛውን ዕቁብ ዙሩ ሲያልቅ ወጣሁ። ኮሚቴውንም ተውኩ። በጣም ተቀየሙኝ። አልሞትኩም።

የበትር አሥር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር በ11ኛው ቀን ያው ካርድ ተመልሶ ወጣ። እውነት ለመናገር ፀጉሬ ቆመ። ሒሳብ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ፣ ደወልኩለት። ሳቀብኝና ቁጭ ብሎ አሰላልኝ። በየቀኑ እየመለስሽ ከ78ቱ አንድ ብታወጪ፣ በ11 ቀን ውስጥ የሆነ ካርድ ሁለት ጊዜ የመውጣት ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል። የበትር አሥር መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ የሆነ ካርድ መደገሙም ምንም ተአምር የለውም። አንቺም ሲደገምብሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ሞት የሚል ካርድ አለ፣ 13ኛው፣ በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ አጽም። እሱም ቢወጣ ያው ካርቶን ነው፤ «ምን እያለቀብኝ ነው?» ብለሽ ጻፊና ሥራሽን ሂጂ። ተገልብጦ የወጣ ካርድም ሌላ ትርጉም አለው ይላሉ፤ ለአሁኑ አቃንተሽ አስቀምጪው።

የተበላሸብኝንም ልንገርሽ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅምሽ ይህ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ሰው ጋር ነገር ተበላሸ። እኔም ካርዱን «ይመለሳል?» ማለት ጀመርኩ። መልሱ ካልጣመኝ እንደገና በወዝኩ። አንድ ሌሊት በሥራ ቦታ፣ ዕረፍት ክፍል ውስጥ፣ 17 ጊዜ አወጣሁ። ቁጥሩን የማውቀው ስለጻፍኩት ነው። በዚህ ላይ ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋትን አንዲት «አንባቢ» 40 ዶላር ከፍዬ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ነገረችኝ። ቀጥላ መተት እንዳለብኝና ለማስፈታት 300 እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። እግዜር ይስጣት፣ ያነቃኝ ይህ ነው። አገር ቤት ቢሆን በግ አምጪ ይሉኝ ነበር፣ ያው እኮ ነው! ማንም በካርድ ስም ገንዘብ ሲጠይቅሽ፣ በተለይ «አንድ ነገር ተሠርቶብሻል» ካለሽ፣ ስልኩን ዝጊ።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። በቀን አንድ ካርድ፣ አንድ ጊዜ። ካልጣመኝም እሱው ነው። ስለ ሌላ ሰው አልጠይቅም፤ እሱ ምን ያስባል፣ እሷ ለምን ዘጋችኝ፣ የለም። ካርድ ሳላወጣ ከቤት መውጣት ከፈራሁ ደግሞ ለአንድ ወር አስቀምጠዋለሁ። ሁለት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ። እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ወይም ከአልጋ የማያስነሳ ሐዘን ካለብሽ ግን ደብተርና ካርድ አይበቃሽም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ስለ ጂሙ ነገር፦ በየቀኑ አታድርጊው። እኔ በሳምንት አራት ቀን ነው የማደርገው፣ ከዚያም ያነሰ ጊዜ አለ። እሽጉን የማስቀምጠው ከቡናው ቆርቆሮ ጎን ነው። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ነው ጊዜዬ። ፈላ ማለት አለቀ ማለት ነው። ያመለጠሽን ቀን ለማካካስ ብለሽ ሁለት እንዳታወጪ። ደብተሩ ደግሞ ርካሽ ይሁን። ቆንጆ ደብተር ገዝቼ ቆንጆ ነገር ልጻፍበት ብዬ አንድ ወር ሙሉ ባዶውን ቀርቷል።

ደብተሩን ግን አትጣዪው። በሦስት ወር አንዴ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አንብቢው። እኔ ባለፈው ክረምት፣ በረዶ ዘግቶኝ ሥራ የቀረሁ ቀን፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ካርዶቹ ሁሉ የተለያዩ ናቸው። የሳንቲም አምስት አለ፣ ሁለት ድኾች በበረዶ ውስጥ መብራት ከበራበት የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሥር የሚያልፉበት። የጽዋ ስድስት አለ፣ ልጅ ለልጅ አበባ ሲሰጥ። ባሕታዊው አለ፣ ፋኖሱን ይዞ ብቻውን። ገጹ ላይ የጻፍኩት ግን በ11 ቦታ ወንድሜን ነው። በመሬት ጉዳይ ከተኳረፍን ሦስት ዓመት አልፎናል። አንዱ ገጽ ላይ «እሱ መስኮቱን ያላየ ይመስለኛል» ይላል። ሌላው ላይ «ነገ እደውላለሁ» ይላል። ከአንድ ወር በኋላ ያለው ገጽ ላይም «ነገ እደውላለሁ» ይላል።

ሰዓቱን አየሁ። አዲስ አበባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። ደወልኩለት። አነሳውና ድምፄን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።