ዓይን የሌላት ማዕበሉን በምን ታውቃለች?

ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ጥያቄ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ስለሚኖሩ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች እያስተማርኩ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዓይን የላትም። ማዕበሉ መምጣቱን በምን ታውቃለች?» አላወቅኩም። «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ልጅቷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ምንም አልጠየቀችም።

ብዙ ቆይቶ ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ሄድኩና ባሕሩ ዳር ተንበርክኬ አየኋት። ኮኪና ይሏታል። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቢጫ፣ ሌላዋ ሐምራዊ መስመር ያላት። ማዕበሉ አሸዋውን ገልጦ ሲመለስ ብዙዎቹ ባንዴ ብቅ ይላሉ። ሥጋማ እግራቸውን ወደ ታች ይሰዳሉ፣ ወዝወዝ ይላሉ፣ ከዚያ የሉም። ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጅባቸው። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ከአሸዋው ዘለው ይወጡና በማዕበሉ ተሳፍረው ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ሲጎድል አብረውት ይወርዳሉ። ምግባቸውን ከውሃው አጣርተው ስለሚያገኙ ከማዕበሉ መራቅ አይሆንላቸውም። የልጅቷም መልስ እዚያው ነበር፦ የማዕበሉን ድምፅ አሸዋው ውስጥ ሆነው ይሰማሉ፤ ትልቁንም ለይተው ይወጣሉ።

የአገሬው ሰው አጥቦ ቀቅሎ መረቁን ይጠጣል። የጥንቶቹ ዛጎሎች ተጣብቀው ድንጋይ ሆነዋል፤ ስፔኖች በ1672 እ.ኤ.አ. እዚያው ፍሎሪዳ፣ ሴንት ኦገስቲን ከተማ ላይ ምሽግ መሥራት የጀመሩት በዚሁ ድንጋይ ነው። በ1702 እንግሊዞች ሲደበድቡት ግንቡ አልተሰነጠቀም፤ የመድፉ ጥይት ግድግዳው ውስጥ እየሰመጠ ቀረ።

ኮኪናን የሚጎዳት ግን ሰው ነው። የተሸረሸረውን ዳርቻ ለመሙላት ከሌላ ቦታ አሸዋ አምጥተው ሲደፉባት ከሥሩ ትቀራለች። እሷን የሚበሉት ወፍና ዓሣም ይቸገራሉ።

«ጅማ ባሕር የላት» ትሉኝ ይሆናል። ቦዬ ረግረግ አለን። ለጡብ አፈሩ ሲቆፈር፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት እያያችሁ አድጋችኋል። ጭቃው ውስጥ ግን ማን እንደሚኖር ስንቶቻችሁ አይታችኋል? የቡና ወንፊትና ነጭ ሳህን ያዙ። ጠዋት ሂዱ፣ አንድ እፍኝ ጭቃ እጠቡ። የማታውቁት ነገር ሲንቀሳቀስ ካያችሁ «አላውቀውም» ብላችሁ ጻፉት፣ ሥዕሉንም ሳሉ። መምህራችሁንም ጠይቁ። ፈተና ላይ አይመጣም ካላችሁ፣ እኔ ቤት ኑ፤ ቡና እየጠጣን አብረን እናየዋለን።