ደመወዝተኛ ነኝ፤ በቤቴ ለምሠራው ስፌት ፒኤልሲ ላቋቁም?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ማታና ቅዳሜ፣ በተከራየነው ቤት በሁለት የስፌት መኪና የልጆች ልብስ እየሰፋሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ባለቤቴ «ዕዳ ቢመጣ ንብረታችን እንዳይነካ ፒኤልሲ እናቋቁም» ይላል። እኔ ደግሞ ፈቃድ ካወጣሁ የደመወዜ ግብር ይጨምራል ብዬ ፈራሁ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከፍርሃትዎ ልጀምር። የደመወዝዎ ግብር በስፌቱ ምክንያት አይጨምርም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዥ ለያይቶ ነው የሚያስከፍለው፤ የመቀጠር ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ»። ሁለቱ አይደመሩም። አሠሪዎ ከደመወዝዎ መቀነሱን እንደነበረ ይቀጥላል፣ የንግዱን እርስዎ ራስዎ ያሳውቃሉ። ታዲያ ስፌቱ ቢከስርም ኪሳራውን ከደመወዝዎ ጋር ማካካስ አይችሉም።

አሁን ወደ ፒኤልሲው፣ ማለትም ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ብዙዎች እህት ወይም ወንድም በስም ብቻ ባለ ድርሻ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ይህ አያስፈልግም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። መሥራቹ ቢሞት ወይም በሕግ ፊት ችሎታ ቢያጣ የሚተካውን ሰው አስቀድሞ መሰየም ግን ግዴታ ነው።

ይሁንና ለእርስዎ ሥራ አሁን አልመክረውም። ማኅበር ሽያጩ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፤ የተሟላ የሂሳብ መዝገብ መያዝ አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ሂሳብ ባለሙያ ይከፈለዋል። ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል። በ2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ የግብር ወለል አበጅቷል፤ የተሰላው ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ ካነሰ፣ የሚከፈለው ያው 2.5 በመቶ ነው። በዓመት 600,000 ብር ሸጠው የጨርቁ፣ የክሩ፣ የኪራዩ ሁሉ ወጥቶ 20,000 ብር ብቻ ቢተርፍዎ፣ 30 በመቶው 6,000 ብር ነው፤ ወለሉ ግን 15,000 ብር ያስከፍላል። ጀማሪ ንግድ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

ባለቤትዎ ስለ ዕዳ ያነሱት ሐሳብ ተገቢ ነው። በግለሰብ ነጋዴነት ሲሠሩ ንግዱና እርስዎ በሕግ ፊት አንድ ሰው ናችሁ፤ የንግዱ ዕዳ የጋራ ንብረታችሁንም ሊነካ ይችላል። ግን ዕዳው ከየት ይመጣል? ጨርቅ በእጅ በእጅ ከገዙ፣ ልብስ በትእዛዝ ከሰፉ፣ ብድር ከሌለ፣ ሥጋቱ ትንሽ ነው። ብድር ሲመጣ ደግሞ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የማኅበሩን ባለቤት በግል ዋስ አድርጎ ያስፈርማል፤ ያን ጊዜ የማኅበሩ ከለላ ለዚያ ዕዳ አይሠራም። የማኅበሩን ገንዘብ ከኪሱ ጋር የሚቀላቅል ብቸኛ ባለቤትም በግል ሊጠየቅ ይችላል። ሸሪክ ሲገባ፣ ለድርጅቶች በዱቤ ማቅረብ ሲጀምሩ ወይም ሽያጩ ወደ 2 ሚሊዮን ብር ሲጠጋ ጉዳዩን እንደገና ያንሡት።

ስለዚህ በስምዎ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ያውጡ፤ ይህን አያዘግዩት፣ ያለ ፈቃድ መነገድ በእስራትም በገንዘብም ያስቀጣል። ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ሥራ ያጓትታሉ። አንደኛው አድራሻ ነው። ለምዝገባው የኪራይ ውል ይጠየቃሉ፤ አከራይዎ ቤቱን ለመኖሪያ ብቻ አከራይተው ከሆነ ለሥራም መዋሉን በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ውሉ ላይ የሚሰፍረው የኪራይ መጠንም እውነተኛው ይሁን፤ አከራዩ በዚያ ላይ ግብር ስለሚከፍሉ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ኋላ ለሁለታችሁም ጣጣ ያመጣል። ሁለተኛው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ቁጥር ካለዎት ሌላ አያውጡ፤ አንድ ሰው የሚኖረው አንድ ቁጥር ነው፣ ንግዱ በዚያው ላይ ይጨመራል። ከዚያ በፊት የሥራ ውልዎን ገልጠው የውጭ ሥራን የሚከለክል አንቀጽ መኖሩን ይዩ።

ዓመታዊ ሽያጭዎ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች እስከሆነ ድረስ የደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ነዎት። በአዲሱ ማሻሻያ የዚህ ደረጃ ግብር የሚሰላው በሽያጩ ላይ ነው፤ ሽያጩ ሲያድግ ምጣኔውም ከፍ ይላል። ስለዚህ ዋጋ ሲተምኑ ግብሩን ከጨርቁና ከክሩ ጋር አብረው ያስሉ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባም ግዴታ የሚሆነው በዚያው በ2 ሚሊዮን ብር ነው። ድርጅት ከእርስዎ ሲገዛ ቅድመ ግብር (ከክፍያዎ ላይ አስቀድሞ ለመንግሥት የሚቀነስ ግብር) ከቀነሰ ደረሰኙን ሳይቀበሉ አይመለሱ፤ ከዓመቱ ግብርዎ የሚታሰበው በዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ ዛሬውኑ ለስፌቱ ብቻ የሚሆን የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ። የደንበኛ ክፍያ፣ ደመወዝና ከዘመድ የተላከ ገንዘብ በአንድ ሂሳብ ሲገቡ፣ ግብር ሰብሳቢው ሁሉንም ሽያጭ ብሎ ሊይዘው ይችላል። አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም በግብር ከፋዩ ላይ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 8,000 ብር ማን ለምን እንደላከልዎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። በየምሽቱ ቀኑን፣ ምን እንደሸጡና ስንት እንደተቀበሉ በደብተር ይጻፉ። የግብር ውሳኔው የተጋነነ ከመሰለዎ፣ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ውሳኔው በደረሰዎ በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታ በጽሑፍ ያቅርቡ።

የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ እንደገባ ሽያጭዎን ያሳውቁ፣ ባይሸጡም ባዶውን ያሳውቁ። ክሊራንሱን (የግብር ዕዳ እንደሌለብዎ የሚያሳየውን ማስረጃ) ይዘው ፈቃዱን እስከ ታኅሣሥ 30 ያሳድሱ፤ ከዚያ በኋላ ቅጣት አለው። ሥራውን ካቆሙ ፈቃዱን መልሰው ከግብር ምዝገባው በጽሑፍ ይሰረዙ፤ አለበለዚያ የስፌት መኪናዎቹ ተሸጠው እንኳ ግብሩ በግምት ይቆጠርብዎታል።