መልስ፦ ፒክአፑን ከመቀየርዎ በፊት

ያገለገለው ስትራቶካስተር መሰል የኤሌክትሪክ ጊታርዎ የድምፅ ማዞሪያው ሲነካ እንደሚንኮሻኮሽ፣ አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካም እንደሚያጉረመርም ገልጸው ፒክአፖቹን (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩትን ክፍሎች) በሙሉ ቢቀይሩ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ገንዘቡን ለጊዜው ኪስዎ ውስጥ ቢያቆዩት እመርጣለሁ። መንኮሻኮሹ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ፖቴንሽዮሜትሩ (ማዞሪያው የሚያዞረው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ውስጥ ከተጠራቀመ አቧራ በመሆኑ፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆን ማጽጃ በትንሹ ነፍተው ማዞሪያውን ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ሊበቃ ይችላል። ጊታሩ ሲያጉረመርም ደግሞ ክሮቹን በእጅዎ ይንኩ፤ ጉርምርምታው ከቀነሰ የግራውንዱ ሽቦ (ክሮቹን ከጊታሩ የኤሌክትሪክ መሬት ጋር የሚያገናኘው) ደህና ነው፣ ካልቀነሰ ግን የጀርባውን ክዳን በካቻቪቴ ፈትተው፣ ስፕሪንጎቹ የተያዙበት ብረት ላይ የተበየደው ሽቦ ተላቅቆ እንደሆነ ይመልከቱ። የእኔን አሮጌ ጊታር ስከፍተው ይኸው ሽቦ በአንዲት ቀጭን ዘለላ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ፒክአፕ በከንቱ ቀይሬ ነበር።

በርካሽ መሞከር ከፈለጉ ከቶን ካፓሲተሩ (ከቶን ማዞሪያው ጋር ሆኖ ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሰው ትንሽ ዕቃ) ይጀምሩ። 0.047 ማይክሮፋራድ ከሆነ በ0.022 ሲተኩት፣ የቶን ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ቢዘጋ እንኳ ድምፁ እንደ ቀድሞው አይታፈንም። ከመበየድዎ በፊት በመቆንጠጫ ሽቦ አያይዘው ያዳምጡት።

ሀምበከር (ጉርምርምታን የሚቀንስ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ማስገባት ሌላ ጉዳይ ነው፤ 250 ኪሎ ኦም ማዞሪያዎች ድምፁን ስለሚያደበዝዙት በ500 መተካት የተለመደ ሲሆን፣ እንጨቱን መፈልፈል ካስፈለገ ግን መመለሻ የለውም። የነበረውን የሽቦ አገጣጠም አስቀድመው ፎቶ ያንሱ።