ድረ ገጹ በአንዱ ብሮውዘር ተከፍቶ በሌላው እምቢ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ገጹ በአንዱ ብሮውዘር ከተከፈተ ኔትወርኩም ሰርቨሩም (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር) ደህና ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ዋይፋዩን ማጥፋትና ማብራት፣ ሲም መቀየር ድካም ብቻ ነው፤ የሚፈተሸው እምቢ ያለው ብሮውዘር ነው። ስትጠይቁ የብሮውዘሩን ስም፣ ስልክ ይሁን ኮምፒዩተር፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍም እንዳለ ጻፉልኝ። «አልከፍት አለኝ» ብቻ ካላችሁ መልሴ ግምት ይሆናል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የምዝገባ ገጻችን ላፕቶፔ ላይ በክሮም ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በፋየርፎክስ ግን ይከፈታል። ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ «ሁሉንም ዳታ አጥፋው» አለኝ። ላጥፋ?

ቆይ፣ ገና አታጥፋ። በመጀመሪያ ኮንትሮልንና ሺፍትን ይዘህ ኤንን ተጫን፤ ኢንኮግኒቶ መስኮት ይከፈታል። አድራሻውን እዚያ ጻፈው። ኢንኮግኒቶ የድሮ ኩኪ (ድረ ገጹ አንተን ለማስታወስ ኮምፒዩተርህ ላይ የሚያስቀምጠው መረጃ) እና ካሽ (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ቀድሞ የወረደ ቅጂ) አይጠቀምም፤ ኤክስቴንሽንም (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አንተ ካልፈቀድክለት አይሠራበትም። ስለዚህ ገጹ እዚያ ከተከፈተ ጥፋቱ ከሦስቱ አንዱ ነው።

ወደ ተለመደው መስኮት ተመለስና ኮንትሮልን ይዘህ ኤፍ 5ን ተጫን። ይህ የተቀመጠውን ካሽ ትቶ ገጹን እንደ አዲስ ያወርዳል። ነጭ ገጽ በብዛት የሚመጣው ሰርቨሩ ላይ ያለው ገጽ ተቀይሮ ኮምፒዩተርህ ግን የድሮውን ስክሪፕት (ገጹን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ) ይዞ ሲቀር ነው፤ ሁለቱ አይገጥሙም።

አሁንም እምቢ ካለ ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ተጫንና የዚያን ድረ ገጽ ኩኪ ብቻ አጥፋ። ሌሎች አካውንቶችህ አይነኩም። በመጨረሻ ኤክስቴንሽኖችህን ሁሉ አጥፋና አንድ በአንድ እያበራህ ሞክር። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማስታወቂያ የሚያግደውን ነው።

«ሁሉንም አጥፋ» የሚለው ምክር ጉዳት አለው። የፓስወርዱ ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ያስቀመጥከው ፓስወርድ ሁሉ ይሄዳል፤ በሞባይል ዳታ የምትጠቀም ከሆነም ሁሉንም ገጽ እንደገና ለማውረድ ፓኬጅህ ይበላል።

ከእንጅባራ፦ እኔ ዘንድ ኢንኮግኒቶም እምቢ አለ። ዊንዶውስ 7 ነው።

እንግዲያው ካሹን ተዪው፤ የብሮውዘሩን ዕድሜ እይ። ክሮም ለዊንዶውስ 7 የሰጠው የመጨረሻ ስሪት 109 ነው፤ በፈረንጆች 2023 እዚያው ቆሟል። «አፕዴት» ብትዪውም ከዚያ አያልፍም፤ አዳዲስ ገጾች ደግሞ እሱ የማያውቀውን ኮድ ይጠቀማሉ። ፋየርፎክስ 115 ረጅም ድጋፍ የተሰጠው ስሪት ስለሆነ በዊንዶውስ 7 ላይ ይጫናል። ለጊዜው እሱን ተጠቀሚ፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ዊንዶውሱን መቀየር ነው።

ከሞጣ፣ መምህር ነኝ፦ በክሮምም በፋየርፎክስም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል፤ ያውም ሁሉም ገጽ። ቀኑን አስተካክያለሁ፣ 2018 ይላል።

መምህር፣ ችግሩ እሱ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እርስዎ የእኛን ዓመት ሲሞሉለት ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ያለ መሰለው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት አለው፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ማሽንዎ ሰርተፊኬቱን ሲያየው ገና ያልጀመረ ይሆንበታል፣ ይከለክላል። ሁለቱም ብሮውዘሮች አብረው እምቢ ማለታቸውም ለዚህ ነው፤ ሰዓቱን የሚያነቡት ከአንድ ቦታ ነው።

የቀንና ሰዓት ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ ሲደመር 3፣ ናይሮቢ ያለበትን ይምረጡ፤ ከዚያ «ሰዓቱን በራሱ አስተካክል» የሚለውን ያብሩ። በእጅ የሚሞሉ ከሆነ የጠዋቱ 3 ሰዓት 9 ተብሎ እንደሚገባ አይርሱ። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ዴስክቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪዋ ሽቦ ሊኖራት ስለሚችል ለባለሙያ ያሳዩት።

ከዳንግላ፦ የስልኬ ቀን ትክክል ነው። አንድሮይድ 6 ነው። አንዳንድ ገጾችን ክሮም «አደገኛ» እያለ ይከለክላል፣ ፋየርፎክስ ይከፍታቸዋል።

ይህ የታወቀ ነገር ነው። ብዙ ድረ ገጾች ሰርተፊኬት በነፃ የሚወስዱት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ድርጅት ነው። ከ7.1.1 በታች ያለ አንድሮይድ የድርጅቱን አዲስ ዋና ሰርተፊኬት አያውቀውም። ለአሮጌ ስልኮች የተሠራው መሸጋገሪያም ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አበቃ። አንተ ስልክ ላይ ያለው አሮጌ ክሮም የሚያምነው አንድሮይዱ የያዘውን የታመኑ ሰርተፊኬቶች ዝርዝር ነው፤ ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። እንዲህ ላሉ ገጾች ፋየርፎክስን ተጠቀም። ክሮም ላይ ማስጠንቀቂያውን አልፈህ መግባት ይቻል ይሆናል፤ ባንክና ፓስወርድ ያለበት ገጽ ላይ ግን በፍጹም አታድርገው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ኦፔራ ሚኒ ላይ ቅጹን ሞልቼ «ላክ» ስለው ዝም ይላል።

የዳታ ቁጠባውን አጥፊው። ቁጠባው ሲበራ ገጹ መጀመሪያ ኦፔራ ሰርቨር ላይ ተጨምቆ ነው የሚደርስሽ፤ ቅጹን የሚያንቀሳቅሰው ስክሪፕት በሙሉ አይሠራም። ለማንበብ ጥሩ ነው፣ ለምዝገባ አይሆንም።

ከባሕር ዳር፦ «ገጹ ደጋግሞ አዛወረዎት» ይለኛል።

የዚያን ገጽ ኩኪ አጥፋ። በአብዛኛው በዚሁ ይለቃል።

ከቡሬ፦ ፋየርፎክስ «ፕሮክሲ ሰርቨሩ ግንኙነቱን አልቀበልም አለ» ይላል። ክሮም ይሠራል።

ፕሮክሲ በአንተና በድረ ገጹ መካከል የሚቆም አገናኝ ሰርቨር ነው። ክሮም የዊንዶውሱን የፕሮክሲ ሴቲንግ ይከተላል፤ ፋየርፎክስ ግን የራሱም አለው። አንድ ፕሮግራም ወይም ሰው እዚያ አድራሻ ሞልቶበት ሄዷል። ሴቲንግ ውስጥ «ጄኔራል» የሚለውን ገጽ እስከ ታች ውረድ፤ «ኔትወርክ ሴቲንግስ» ታገኛለህ። በእጅ የተሞላውን ተውና «ፕሮክሲ የለም» የሚለውን ምረጥ፣ እሺ በል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ከሆነ ግን ፕሮክሲው ታስቦበት የገባ ሊሆን ስለሚችል ከመንካትህ በፊት የአይቲ ክፍሉን ጠይቅ። ካጠፋኸው በኋላ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ የሚሞላው ፕሮግራም ገና አለ፤ ኤክስቴንሽኖቹንና የተጫኑትን ፕሮግራሞች አይተህ የማታውቀውን አንሣ፣ በአንቲቫይረስም አስፈትሽ።