ከመኪናዬ ስር ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሻጩን መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በፊት ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ኤሲ ከፍቼ ስነዳ ቆይቼ ሳቆም ከስሩ ውሃ ይንጠባጠባል። መካኒክ "የኤሲው ጋዝ እየፈሰሰ ነው፣ ኮምፕሬሰሩም አልቋል" ብሎ ኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ክፍል) ቀየረልኝ። ውሃው ግን እስካሁን አልቆመም። ሻጩን ወጪዬን እንዲተካልኝ ብጠይቀው ጭራሽ "የምከስህስ እኔ ነኝ" አለኝ። ጉድለቱን ደብቆ ስለሸጠልኝ ውሉን አፍርሼ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ የሻጩ ዛቻ ላይ ቆምኩ። ገንዘቡን አሟልቶ የተቀበለ ሻጭ ገዢውን ምን ብሎ ይከሳል? ቀሪ ክፍያ ይዘውበታል ብዬ ጠረጠርኩ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካልተሳሳትኩ ግን ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ከውሃው በፊት ይህንን ይንገሩት፤ ከተከሳሹ መልስ ላይ አንብቦ እንዲያውቀው አያድርጉ። ውሉ ወይም ሕጉ ሳይፈቅድልዎ ክፍያ ከያዙ፣ ውል ያፈረሱት እርስዎ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ወደ ውሃው ልመለስ። እኔ ጠበቃ እንጂ መካኒክ አይደለሁም፤ ይህን ያህል ግን አውቃለሁ። ኤሲ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ከዳሽቦርዱ ስር ባለው ኢቫፖሬተር በሚባል ቀዝቃዛ ብረት ላይ እያሳለፈ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጠል ሆኖ ያርፍና በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። ንጹሕና ሽታ የሌለው ውሃ ከሆነ ኤሲው እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ይህን ጉድለት ብሎ የሚመዘግብልዎ ዳኛ አያገኙም። ጋዙ ደግሞ ውሃ ሆኖ አይንጠባጠብም። በብዙ መኪኖች ያለው አር 134 ኤ የተባለ የኤሲ ጋዝ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው፤ ካመለጠ ይተናል እንጂ መሬት ላይ አይጠራቀምም።

እንግዲህ ኮምፕሬሰር ተቀይሮም ያልቆመው ውሃ ከመጀመሪያውም በሽታ አልነበረ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ሒሳብዎ ከሻጩ ጋር ሳይሆን ከመካኒኩ ጋር ነው። ኮምፕሬሰሩ በሌላ ምክንያት ተበላሽቶ ሊሆንም ስለሚችል ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ውሃው የሚገባው ወደ መኪናው ውስጥ ሆኖ ምንጣፉን የሚያርስ ከሆነ አንዱ የተለመደ ምክንያት የቱቦው መደፈን ነው፤ ብዙ ጊዜ በጽዳት ያልቃል፣ ውልም አያፈርስም። ቀለም ያለው፣ ጣፋጭ ሽታ ያለውና የሚያጣብቅ ከሆነ ግን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስለሚሆን ነገሩ ከባድ ነው። የትኛው እንደሆነ አልጻፉልኝም።

ሕጉን ባጭሩ ልበል፤ ዝርዝሩና የጊዜ ገደቡ እንደየአገሩ ይለያያል። በጥቅሉ ስውር ጉድለት የሚባለው በርክክብ ጊዜ የነበረ፣ በተለመደ ምርመራ የማይታይና የመኪናውን ጥቅም ወይም ዋጋ የሚቀንስ ነው። ገዢው እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ውልዎ ላይ "ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ" የሚል ካለ መንገዱ ይጠባል፤ ሻጩ እያወቀ ደብቆ ከሆነ ግን ያ ሐረግ ብዙ ጊዜ አያድነውም።

አሁን ደንበኞቼ ደጋግመው ወደሚወድቁበት ጉድጓድ። የድሮው ኮምፕሬሰር የት ነው? መካኒኩ ጋ ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም ለቁርጥራጭ ብረት ሄዷል። ሰው መኪናው ሲታመምበት ጋራዥ ይሮጣል፣ ያሠራል፣ ከዚያ ይቆጣል፣ ጠበቃ ፊት የሚቀመጠው በመጨረሻ ነው። ያኔ ጉድለቱ የለም፤ እኔም የሚያዝ የሚጨበጥ ማስረጃ የሌለው ክስ ይዤ እቀራለሁ። ሻጩ "እኔ ስሸጥለት ደህና ነበር፣ ያበላሸው የእሱ መካኒክ ነው" ቢል በምን እንመልስለታለን? በደረሰኝ? ደረሰኝ ገንዘብ መክፈልዎን እንጂ ጉድለቱ ከርክክብ በፊት እንደነበረ አያስረዳም። መካኒኩም ለምስክርነት ቢጠራ የሚከላከለው የገዛ ሥራውን ነው። ቅደም ተከተሉ መሆን የነበረበት በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ሻጩ መጥቶ እንዲያይ ዕድል መስጠት፣ በገለልተኛ ባለሙያ ማስመርመር፣ ከዚያ ማሠራት ነበር። ብሬክን የመሰለ አደጋ ያለው ነገር ቢሆን መጠበቅ ባልተገባ። ለኤሲ ግን ምን አስቸኮለዎት? መስኮት ይከፈታል እኮ።

ቢሆንም ሁሉም አላለቀም። ዛሬውኑ መካኒኩ ጋ ደውለው የድሮው ዕቃ ካለ እንዳይጥለው ይንገሩት፤ ምን አይቶ እንደቀየረው በቀንና በፊርማ ይጻፍልዎ። ለሻጩ የላኩት የስልክ መልእክት ካለ አያጥፉ። ኤሲውን ዘግተው ውሃው ተንጠባጥቦ ካለቀ በኋላ ከመኪናው ስር ነጭ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት፤ ያገኙትን ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ምንም ዕቃ ሳያስነኩ ለመካኒኩም ለሻጩም ወዳጅ ያልሆነ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ይስጥዎ። ውሉን፣ የርክክብ ወረቀቱንና ደረሰኞቹን ይዘው በአካባቢዎ ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ውሉን ሳላይ "ያፈርሱት" አልልዎትም። ስለ ቀሪው ክፍያ ደግሞ ጠበቃ ሳያማክሩ ለሻጩ አንዲት መስመር እንኳ እንዳይጽፉ።