የማይክሮፎኑና የኮምፒውተሩ ድምፅ በሊኑክስ ላይ አብረው ሲቀዱ ለምን ይራራቃሉ?

እንደጻፉልኝ ከሆነ በሊኑክስ ኮምፒውተርዎ በኢንተርኔት ጥሪ ቃለ ምልልስ ያደርጋሉ። የራስዎን ድምፅ በትንሽ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ላይ ከተሰካ ማይክሮፎን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም፣ የእንግዳዎን ድምፅ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ውስጥ በሌላ ፕሮግራም ይቀዱና ሁለቱን ፋይሎች በኋላ ያጋጥሟቸዋል። መጀመሪያ ላይ ድምፆቹ ይገጥማሉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ጥያቄዎ 0.3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ በእንግዳው መልስ ላይ ይደረባል። እንግዳዎ ደግሞ የገዛ ድምፁ እየተመለሰ እንደሚሰማው፣ የእርስዎም ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ይነግርዎታል። ከዚህ ቀደም የረዳዎ ሰው ምናባዊ የድምፅ መውጫ (በሶፍትዌር ብቻ ያለ መውጫ) እና ሁለት ሉፕባክ (ድምፅን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ የሚያሻግሩ መስመሮች) ሠርቶ ሁለቱን ድምፆች ደባልቆልዎት ነበር፤ ችግሩ ግን አልተፈታም።

ምልክቶቹን ሳያቸው ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች የተደራረቡ ይመስለኛል። ሲጀምር ገጥሞ ቀስ በቀስ የሚራራቅ ድምፅ በድምፅ ካርዶቹ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች እኩል ያለመሄዳቸው ምልክት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን የሚዘገይ ቢሆን ኖሮ ተራ መዘግየት ነው እል ነበር፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ወፍሮና ተጎትቶ ቢሰማ ደግሞ በሰከንድ በ48,000 ናሙና (የድምፅ ልኬት) የተቀዳው በ44,100 እየተጫወተ ነው ብዬ እጠረጥር ነበር። የእርስዎ ከሁለቱም አይደለም። እንግዳው የሚሰማው ማሚቶ ግን ከሰዓት ጋር አይገናኝም፤ እሱን ያመጣው የቀድሞው ጥገና ነው።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ማናቸውንም የድምፅ መስመር ከማገናኘትዎ ወይም ከመለወጥዎ በፊት የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ የመውጫውንም መጠን ዝቅ ያድርጉት። የማይክሮፎን ድምፅ በስህተት ወደ ማጉያ ወይም ወደ ማዳመጫ ተመልሶ ሲገናኝ የሚፈጠረው ጩኸት በቅጽበት የመጨረሻው መጠን ላይ ይደርሳል። እጅዎ ማዳመጫውን እስኪያወልቅ ጆሮዎ ሊጎዳ ይችላል፤ የሞተ የመስማት ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

በመጀመሪያ የድሮውን ጥገና ያፍርሱ። ፓቩኮንትሮል የሚባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከፍተው የመቅጃና የማጫወቻ ገጾቹን ይመልከቱ፤ ከታች ባለው ምርጫም ሁሉም መስመሮች እንዲታዩ ያድርጉ። ሉፕባክ የሚል ስም ያላቸውን መስመሮች ካገኙ ያ ሰው በመነሻ ፋይሉ ወይም ሲገቡ በሚነሱ ትእዛዞች ውስጥ የጻፋቸውን መስመሮች ፈልገው ያጥፉና ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ። የጥሪ ፕሮግራምዎ እንደ ማይክሮፎን ይዞት የነበረው ያንን ድብልቅ መስመር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እንግዳው የተናገረው ሁሉ ወደ ድብልቁ ገብቶ ወደ ራሱ ይመለስ ነበር። ድምፅዎ የራቀውም ኦዳሲቲ የዩኤስቢ ካርዱን በአልሳ (ካርዱን በቀጥታ በሚያዝዘው የሊኑክስ የድምፅ ክፍል) በኩል በቀጥታ ስለያዘው ነው ብዬ እገምታለሁ። በዚያ መንገድ የተያዘ ካርድ ለሌላ ፕሮግራም ስለማይከፈት ለድብልቁ የተረፈው የላፕቶፑ ማይክሮፎን ብቻ ነበር። ከዚህ ሌላ ፐልስኦዲዮ ከፓይፕዋየር ጎን ተጭኖ እንደሆነ (ሁለቱም የፕሮግራሞችን ድምፅ ወደ ካርዶቹ የሚያደርሱ አገልግሎቶች ናቸው) ፐልስኦዲዮን ያስወግዱ። ከሊኑክስ ዓይነቶች ፌዶራ እ.ኤ.አ. ከ2021ዱ 34ኛ እትሙ ጀምሮ፣ ኡቡንቱም ከ22.10 እትሙ ጀምሮ የድምፁን ሥራ ለፓይፕዋየር ሰጥተዋል፤ ለፐልስኦዲዮ የተጻፉ ፕሮግራሞችንም ፓይፕዋየር ራሱ ያስተናግዳቸዋል። ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ ማሠራት ለካርዱ እንዲሻሙ መተው ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ጥገና ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ይህ በደንብ ከገባዎ የቀረው ሁሉ ይቀልልዎታል። እያንዳንዱ የድምፅ ካርድ ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል እንላለን፤ ሰከንዱን የሚቆጥረው ግን የኮምፒውተሩ ሰዓት ሳይሆን በካርዱ ላይ ያለች የራሱ ክሪስታል ናት። ሁለት ክሪስታሎች ፈጽሞ እኩል አይመቱም፤ ጠዋት አብረው የተሞሉ ሁለት የእጅ ሰዓቶች ከሳምንታት በኋላ እንደሚለያዩ ሁሉ እነዚህም ይለያያሉ። የላፕቶፑ ካርድ በእውነተኛው ሰከንድ 48,000 ናሙና ሲወስድ የእርስዎ ትንሿ የዩኤስቢ ካርድ 48,004 ትወስዳለች እንበል። አራት ናሙና ማንም ጆሮ የማይለየው ነገር ነው። በ3,600 ሰከንድ ግን 14,400 ናሙና ይሆናል፤ ይህም በ48,000 ሲካፈል ልክ 0.3 ሰከንድ ነው። ትርፍ ናሙና ያለው ፋይል ሲጫወት ይረዝማል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ የሚቀረው በዩኤስቢ ካርዷ የተቀዳው የእርስዎ ድምፅ ነው፤ የጻፉልኝም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ከሚሊዮን 83 ገደማ ብቻ ነው፤ በርካሽ ካርድ ላይ የማይገርም መጠን ነው። አምራቾቹ ከክሪስታሉም ከማጣሪያውም ሳንቲም ይቆጥባሉ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ቅጂውን በእጁ ሲያስተካክል የሚያመሸው ሰው ነው። ተራ የመቅጃ ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ የካርድ ሰዓቶች የተቀዱ ሁለት ፋይሎችን ከተቀዱ በኋላ በራሱ አያስታርቅም፤ የሚሻለው በሚቀዱበት ጊዜ ማስታረቅ ነው።

ይህን የሚሠራው ፓይፕዋየር ነው። ሁለቱም ድምፆች በእሱ በኩል ሲያልፉ አንዱን ካርድ መሪ ያደርግና የሌላውን ናሙና ከመሪው ጋር እንዲሄድ ያለማቋረጥ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ሁለቱን ድምፆች በአንድ ፕሮግራም፣ በአንድ ፋይል፣ በሁለት ትራክ (ለየብቻ በሚቀመጡ የድምፅ መስመሮች) ይቅዱ። ኦዳሲቲ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ከአንድ መግቢያ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለውን የቪዲዮና የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም እመርጣለሁ፤ ቪዲዮ ባይፈልጉም ግድ የለም። በቅንብሩ የኦዲዮ ገጽ ላይ የናሙናውን መጠን 48 ኪሎኸርዝ ያድርጉ፤ ለዴስክቶፕ ኦዲዮ (ለኮምፒውተሩ ድምፅ) የሚያዳምጡበትን መውጫ፣ ለማይክ ደግሞ የዩኤስቢ ካርዱን ይምረጡ። በላቀው የኦዲዮ ባሕርያት መስኮት ማይኩን በትራክ 1፣ ዴስክቶፑን በትራክ 2 ላይ ብቻ ይተዉ፤ ሌሎቹን ምልክቶች ያንሱ። በውጤት ገጹ ላይም ወደ ላቀው አሠራር ተሻግረው ሁለቱም ትራኮች እንዲቀዱ ምልክት ያድርጉ። የፋይሉ ዓይነት ኤምኬቪ ይሁን፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። እነዚህኑ መግቢያዎች እንደገና በትእይንቱ ምንጮች ውስጥ አይጨምሩ፤ ድምፁ ይደረባል።

በላቀው የኦዲዮ ባሕርያት መስኮት ላይ ያለው የሞኒተር ምርጫ (ድምፁን ወደ ማዳመጫዎ የሚመልሰው) ለማይኩ የጠፋ መሆኑን ያረጋግጡ። ሲያረጋግጡም ማዳመጫው ከጆሮዎ ላይ የወለቀ ይሁን።

ከእውነተኛው ቃለ ምልልስ በፊት ይፈትኑት። ማዳመጫውን ሳያጠልቁ ከሁለት ጎኖቹ አንዱን ከማይክሮፎኑ ፊት ያስጠጉ፤ መቅዳት ጀምረው አጭር የጠቅታ ድምፅ ያጫውቱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ ይድገሙና ይቁሙ። ፋይሉን በኦዳሲቲ ከፍተው (ኦዳሲቲ እንዲህ ያለውን ፋይል እንዲከፍት የሚያስችለው ኤፍኤፍኤምፔግ መጫን አለበት) ጠቅታው በሁለቱ ትራኮች ላይ ያረፈበትን ቦታ አጉልተው ይለኩ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጠቅታ መካከል ክፍተቱ ካልተለወጠ ሰዓቱ ታርቋል፤ የቀረውን ቋሚ ክፍተት አንዱን ትራክ በመግፋት ይዘጉታል።

የብሉቱዝ ማዳመጫ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ፤ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ተለውጦ የሚሰሙት ድምፅ ይበላሻል። የዩኤስቢ ካርዱንም በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ በኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት። የማዳመጫውን መውጫ በገመድ ከማይክሮፎን መግቢያ ጋር ማገናኘትም ሲመከር ሰምተው ይሆናል፤ መግቢያው ለደካማ ምልክት የተሠራ ስለሆነ ድምፁ ይሰባበራል፣ አይሞክሩት።

በእጅዎ ያሉትን የቀድሞ ቅጂዎች በተመለከተ፣ የእርስዎን ትራክ በየ10 ደቂቃው ዝምታ ባለበት ቦታ ቆርጠው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በ0.05 ሰከንድ ወደ ቅጂው መጀመሪያ አቅጣጫ ይሳቡት። በሰዓቱ ውስጥ አምስት ቁርጥ ይበቃል፤ የሚቀረው ልዩነት ከ0.05 ሰከንድ ስለማይበልጥ በንግግር ውስጥ አይታወቅም።