በምን ሥራ ልትጠሪ ትፈልጊያለሽ? (ጅማ ላይ ለምትመረቀው እህታችን)

ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ትናንት ማታ አንዲት እህታችን ጅማ ላይ የፀጉርና የሜካፕ ሥልጠናዋን ለመጨረስ አንድ ወር እንደቀራት ጽፋ ነበር። «ራሴን ምን ብዬ ላስተዋውቅ? ሎጎ ላሠራ ወይስ መጀመሪያ ሳሎን ልቀጠር? ሰው እንደ ባለሙያ እንዲያየኝ ከምን ልጀምር?» ነው ያለችው። እኔም የምሠራው እዚሁ ጅማ ነው፣ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው እህቴ።

ሎጎው ይቆይ። ሎጎ በአንድ ቀን ይሠራል። መጀመሪያ በምን ሥራ ልትጠሪ እንደምትፈልጊ ወስኚ።

ሥልጠናው ላይ ሁሉንም ተምረሻል። ሹሩባ፣ ካስክ፣ ፒያስትራ፣ ቀለም፣ ጥፍር፣ የሙሽራ ሜካፕ። ስትወጪ «ሁሉንም እሠራለሁ» ማለት ያምርሻል። እኔንም አምሮኝ የመጀመሪያ ካርዴ ላይ አሥራ አንድ አገልግሎት ደርድሬ ነበር። ግን ያንን ካርድ የወሰደች ሴት ለጓደኛዋ ስለኔ ስታወራ ምን ትበል? ሰው አሥራ አንድ ነገር አይዝም። አንድ ነገር ነው የሚይዘው።

እኔን ያስጠራኝ የመልስ ሹሩባ ነው። አንድ ግንቦት ላይ ሠርግ ነበር፣ የጅማን የግንቦት ዝናብ ታውቂዋለሽ። ሚዜዎቹ ጠዋት ፀጉራቸውን በፒያስትራ ቀጥ አድርገው ወጡ። ምሳ ሳይደርስ እርጥበቱ ገባበትና የሁሉም ፀጉር ተነፋ። በሙቀት የተዘረጋ ፀጉር እርጥበት ሲያገኘው ወደ ራሱ ጠባይ ይመለሳል፣ የሠራችው ልጅ ጥፋት አልነበረም። በማግስቱ መልስ ላይ ሙሽራዋ እኔ የሠራሁላትን ቀጭን ሹሩባ አድርጋ ስትገባ ግን ዝናቡም እየዘነበ አንዲት ዘለላ አልተነሳችም። እዚያው ሁለት ሚዜዎች ስልኬን ወሰዱ። ከዚያ በኋላ «ያቺ ዝናብ የማይበግረውን ሹሩባ የምትሠራው» ተባልኩ። ያንን ስም እኔ አላወጣሁትም፣ ሰው ነው ያወጣልኝ። እኔ የጨመርኩበት ስሙን ሰምቼ ሥራዬን ወደዚያ ማዘንበሌን ነው።

ስለዚህ እስካሁን ከሠራሽው ውስጥ ሰው ሳትጠይቂው የሚያደንቅልሽ የቱ ነው? እሱን ያዢ። ሌላውንም ሥሪ፣ እንጀራ ነው። ስታስተዋውቂ ግን በዚያ በአንዱ ጀምሪ። «የሙሽራ ሜካፕ እሠራለሁ፣ ቤት ድረስ እመጣለሁ» ካልሽ በቂ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአፋን ኦሮሞም ሳትደናቀፊ እስክትያት ተለማመጂ። አጋሮ ወይም ሰቃ ለሠርግ ብትጠሪ ከሙሽራዋ እናትና ከአክስቶቿ ጋር የምትግባቢው በእሱ ነው፣ ለሙሽራዋ አንቺን የሚመርጡሽም እነሱ ናቸው።

ለስም ደግሞ የራስሽን ስም ተጠቀሚ። «ሮያል» እና «ቪአይፒ» የሚሉ ታፔላዎች በየመንገዱ ሞልተዋል፣ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ስምሽን በፊደልም በቁቤም ጻፊው። አጻጻፉን አንዴ ከወሰንሽ ቴሌግራም ላይም፣ ቲክቶክ ላይም፣ ካርድሽ ላይም ያው ይሁን። አንዲት ጓደኛዬ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ገጽ ከፍታ ደንበኞቿ ሦስት ሰው መስለዋቸው ነበር።

አሁን ፎቶ። እዚህ ላይ ጠበቅ ብዬ ልናገር። ፊልተር አትጠቀሚ። በጭራሽ። ፊልተር ያለበት ፎቶ አይታ የምትመጣ ደንበኛ የምትጠብቀው ፊልተሩን ነው፣ መስታወት ስታይ ትከፋለች፣ አንቺም የሠራሽው ጥሩ ሥራ በራስሽ ፎቶ ይበለጣል። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ አንገቷ ጭምር እንዲታይ አድርገሽ አንሺ። ከፊት፣ ከጎን፣ ፀጉሩን ከኋላ። ስምንት ጥሩ ፎቶ ከሰማንያ የተደበላለቀ ይሻላል።

ደግሞ ሳታስፈቅጂ የሰው ፊት እንዳትለጥፊ። ከተማችን ውስጥ ፊቷ ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ የማትፈልግ ሙሽራ ብዙ ናት። ኒካህ ሄደሽ ሂጃቧን ስታስተካክይላት ስልክሽን ካወጣሽ ከዚያ ቤት ሁለተኛ አትጠሪም። እኔ ገና ቀብድ ስቀበል ነው የምጠይቀው፣ «ፎቶ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ?» ብዬ። አይለጠፍ ካለች እጇን እንኳን አላነሳም። ያንን ያከበርኩላቸው ሰዎች ያመጡልኝን ደንበኛ የትኛውም ፖስት አላመጣልኝም። ማሳያ ካስፈለገሽ እህትሽን ወይም አብራሽ የምትመረቅ ጓደኛሽን አስቀምጠሽ ሥሪና አንሺ።

ሳሎን መቀጠር ለሚለው፣ አዎ ተቀጠሪ። አንድ ዓመት ይበቃል። ሲኦሲሽን (የሙያ ብቃት ምዘናሽን) ተፈትነሽ ወረቀትሽን ያዢ፣ ከዚያ ሰው የሚበዛበት ሳሎን ፈልጊ። ትምህርት ቤት ውስጥ የማይገኘው ነገር ፍጥነትና የሰው ጠባይ ነው። ግን ከመጀመርሽ በፊት ሁለት ነገር በግልጽ ተነጋገሪ። ክፍያው በወር ነው ወይስ በፐርሰንት? የሠራሽውን ሥራ ፎቶ በስምሽ መለጠፍ ትችያለሽ ወይስ አትችይም? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነበር የገባሁት። አንድ ዓመት ከአራት ወር የሠራኋቸው ሙሽሮች ሁሉ በሳሎኑ ስም ወጡ፣ ስለቅቅ አንዲት ፎቶ አልነበረኝም። በጣም ነው ያለቀስኩት። በቃል የተባለ ነገር ስላልነበረ ልከራከርም አልቻልኩም።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝን ቀን ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጥር ላይ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ሙሽራ ቤት ሌሊት 10 ሰዓት ደረስኩ። ገና ብሩሼን ሳወጣ መብራት ጠፋ። ሻማ አበሩልኝ፣ የሙሽራዋ ታናሽ እህት ደግሞ ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ፣ እጇ ሲደክም በግራ ታዛውረዋለች። የሻማ ብርሃን ቢጫ ነው፣ ማንኛውንም ፊት ሞቅ አድርጎ ያሳያል፣ ስለዚህ ቀለሙ ልክ መሰለኝ። ጎሕ ቀደደ። ሙሽራዋ ተነስታ መስኮቱ ጋር ቆመች። ፊቷ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፣ አንገቷ ጠይም ነው። እናቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ዝም ብላ አየችኝ።

ሁሉንም አጠብኩት። ከእንደገና ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ጅሬን አባ ጅፋር ግቢ ሊነሱት የነበረው የጠዋት ፎቶ ቀረ። የቀረውን ክፍያ አልቀበልም አልኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኳት፣ በመብራት አላሳበብኩም። ያቺ ሙሽራ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ የጠራችው እኔን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ቻርጅ የሚደረግ መብራት አለ። ከሠርጉ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ሙሽራዋን በቀን ብርሃን እሞክራታለሁ፣ ቀለሙን እጅ ላይ ሳይሆን መንጋጋዋ ላይ አስምሬ ከአንገቷ ጋር አያለሁ። ያገኘሁትን ልክ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። «ሁለት ጠብታ ከጥቁሩ፣ አንድ ከወርቃማው፣ አፍንጫዋ ላይ ወዝ አላት፣ ለሽፋሽፍት ማጣበቂያ ዓይኗ ያለቅሳል»፣ እንዲህ እያልኩ። የጅማ ሱቆች ውስጥ ለኛ ቆዳ ልክ የሆነ ቀለም እንደልብ አይገኝም፣ በዓለም ገበያም ቢሆን ነገሩ የተሻሻለው በቅርቡ ነው። ፌንቲ ቢዩቲ የሚባለው የሜካፕ ብራንድ በፈረንጆቹ 2017 ፋውንዴሽን በ40 ዓይነት ቀለም ይዞ ሲወጣ ያ ሁሉ ወሬ የሆነው ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ምርጫው እስከዚያ ድረስ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ያሳያል። እስኪደርሰን ማቀላቀል ቻይ። ደብተሩ ሲሞላ ያ የአንቺ ሀብት ነው፣ ማንም ሊወስድብሽ አይችልም። ፀጉሩን ደግሞ በመብራት ላይ አትተማመኚ፣ ማታውኑ በቢጎዲን ጠቅልለሽው እደሪ።

ሌላም አለ፣ የፍላሽ ነገር። የፀሐይ መከላከያ ያለበት ፋውንዴሽን ውስጥ ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ አለ፣ የካሜራ ፍላሽ ሲነካው ያንፀባርቃል። በዓይንሽ ምንም አይታይሽም፣ ፎቶው ላይ ግን ፊቷ ነጭ ይሆናል። አንዳንድ ነጭ ፓውደርም እንደዚያው ነው። ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ በስልክሽ ፍላሽ አብርተሽ አንድ ፎቶ አንሺና እይ። ግማሽ ደቂቃ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ አክስት ትመጣና «ትንሽ ቀላ አድርጊያት» ትልሻለች። መምጣቷ አይቀርም። እኔ «የራሷን ቀለም ነው የማወጣው» እላለሁ፣ በትሕትና ግን ሳልወላውል። ጠይም ልጅ ላይ ቀላ ያለ ቀለም ስትደፊባት ከአንገቷ ጋር ይጣላል፣ ላብ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ከሁሉ በላይ ግን ያቺ ልጅ በሠርጓ ቀን ፊትሽ አይበቃም እየተባለች ነው። ሁለት ጊዜ ሥራውን ትቼ ወጥቻለሁ፣ ገንዘቡ ቆጭቶኝ አያውቅም። ቆዳ ያነጣል ተብሎ በሰው በሰው የሚሸጥ ክሬምም አንቺ ጋር እንዳይገኝ። ውስጡ ሃይድሮኩዊኖን ወይም ስቴሮይድ ያለበት አለ፣ ያለ ሐኪም ሲቀቡት ቆዳውን ያበላሻል።

ንጽሕናሽን ሰው እያየ አድርጊው። ብሩሽሽን በ70 በመቶ አልኮል ስትጠርጊ ደንበኛዋ ታይ። ማስካራውን ለእያንዳንዷ በሚጣል ብሩሽ፣ ሊፕስቲኩን ከቱቦው ቆርሰሽ በሳህን ላይ። ኩል ከዓይን ወደ ዓይን አይዘዋወር፣ የዓይን በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል። ብሩሹ ላይ ያለውን ዱቄት በአፍሽ እፍ ማለት ከለመድሽ ዛሬውኑ ተዪው። የፀጉር ቀለም ከመቀባትሽ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ቀብተሽ አስጠብቂ። ሂናም የምትሠሪ ከሆነ ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ የፀጉር ቀለም የተጨመረበትን ጥቁር ሂና እጅ ላይ አታሳርፊ፣ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ሹሩባም ስትሠሪ ግንባሯ አካባቢ ያለውን ፀጉር አትወጥሪው። ማታ ራሷን አሟት ማስታገሻ ከዋጠች ጠብቋል ማለት ነው፣ እንደዚያ እየተደጋገመ ሲሄድ ፀጉሩ ከሥሩ ይሸሻል፣ ላይመለስም ይችላል።

ገንዘብ ላይ አጭር ነኝ። ዋጋሽን በወረቀት አድርጊው፣ ትራንስፖርቱን ለብቻው ጻፊ። ግማሹን በቀብድ ተቀበይ፣ በቴሌብር ይላክልሽ፣ ማስረጃው ይቀራል። ቀብድ ያልሰጠች ሙሽራ ቀኑን አልያዘችም። ለዘመድ ቅናሽ ካደረግሽ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ዋጋውን ጽፈሽ ቅናሹን ከሥር አሳዪ፣ ካለዚያ ቅናሹ ዋጋሽ ሆኖ ይወራል። ሥራው ደግሞ ወቅት አለው። ጥር ላይ ትሯሯጫለሽ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ሠርግ ለ55 ቀን ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። የሙስሊሙ ሠርግ ከረመዳን በፊትና ከዒድ በኋላ ይበዛል፣ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ሁለቱንም የቀን አቆጣጠር ግድግዳሽ ላይ ስቀዪ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ምርቃት አለ። የጥርን ገንዘብ በጥር አትጨርሺው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሙሽራ አለኝ፣ አንዷ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጀርባ፣ አንዷ ሰቃ። ረዳት እፈልጋለሁ። ፈቃደኛ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አብረን እንሂድ፣ የቀንሽን ሒሳብ እከፍልሻለሁ፣ ደብተሬንም ታያለሽ። የምንነሳው ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ነው። ብሩሾችሽን አጥበሽ፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርገሽ ነይ። ለቦርሳሽ የሚሆን ላስቲክም ያዢ፣ ባጃጁ በጎን ዝናብ ያስገባል።